ከሞራው ጀርባ ያለውን ማን አየው?

«ሞራው ይነሳላቸው እንጂ ያያሉ።» የወላይታዋ አረካ ላይ ይህን ያልሰማ ጆሮ የለም። ባጃጅ ነጂው ይለዋል፣ ጎረቤት ይለዋል፣ አዲስ አበባ ሆኖ ገንዘብ የሚልከው ልጅም በስልክ ይለዋል። ነጻ የዓይን ሕክምና ዘመቻ መጣ በተባለ ሰሞን ደግሞ አባባሉ መፈክር ይሆናል። ወጣቶቹ ዘንድ ሌላ ልብስ ለብሶ ይመጣል፦ «ላሲክ እኮ የደቂቃዎች ነገር ነው፤ ተኝተህ ትነሳለህ፣ መነጽርህን ትጥላለህ፣ አለቀ።» ለአባትየው የተባለውም ለልጅየው የተባለውም ሥሩ አንድ ነው። ዓይን ማለት ከፊት የሚታየው ነው፤ ፊቱ ከተስተካከለ ኋላው ራሱን ይችላል።

አይችልም። ከፊት ያለው ሌንስ ብርሃኑን ሰብስቦ ያስገባል እንጂ አያይም። ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ አንጎል የሚልከው ከዓይን ኋላ የተነጠፈው ስስ ሽፋን፣ ሬቲና ነው። ሬቲናው ከተጎዳ፣ ወይም ከእሱ የሚነሳው ነርቭ ከደረቀ፣ የፊቱ የቱንም ያህል ቢጠራ ወደ ጨለማ ቤት መስኮት መክፈት ነው። ስለዚህ አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ፦ ሬቲናው ያልታየ ዓይን፣ ማየት ካልተቻለም በእጅ ባለው መንገድ ሁሉ ያልተፈተነ ዓይን፣ ቢላም የላሲክ ሌዘርም ሊያርፍበት አይገባም። በዘመቻም ቢሆን። በነጻም ቢሆን። ይልቁንም በነጻ ሲሆን።

የሚሟገተኝ ወገን ባዶ እጁን አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ2005/06 የተካሄደው አገር አቀፍ የዓይን ጤና ጥናት ከመቶ ኢትዮጵያውያን 1.6ቱ ዓይነ ስውር፣ 3.7ቱ ደግሞ ዕይታቸው የደከመ መሆኑን አግኝቷል። ከዓይነ ስውርነቱ ግማሹን፣ 49.9 በመቶውን፣ ያመጣው የዓይን ሞራ ነው። ሞራ ደግሞ የሚነሳ ነገር ነው። የሠለጠነ እጅ በትንሽ ቀዳዳ፣ ያለ ስፌት፣ በደቂቃዎች ውስጥ አንስቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል። ታዲያ ወረፋው እንዲህ ረዝሞ፣ ሐኪሙ እንዲህ አንሶ፣ እያንዳንዱን ሰው ጠብታ አድርጎ፣ ብሌኑ እስኪሰፋ ጠብቆ፣ ኋላውን እያዩ መዋል ምን ማለት ነው? ለአንዱ የዋለው ደቂቃ ከሌላው ላይ የተቀነሰ ነው ይላሉ። ደግሞስ የበሰለ ሞራ ነጭ ግድግዳ አይደለም ወይ? ሐኪሙ ቢፈልግስ በየት በኩል አሻግሮ ያያል? ሰውየውስ ድሮውንም አያይ፤ ቢሠራለትና ባይሳካ ምን ይጎድልበታል? ችግር ቢገኝበትስ ማን ሊያክመው ነው? የሬቲና ሐኪም ፍለጋ ከአረካ አዲስ አበባ ድረስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመጨረሻም አንድ የሚያሳስብ ነገር ያነሳሉ፦ «ላያዩ ይችላሉ» ብለን ብናስፈራራ ገበሬው ከነአካቴው ይቀራል።

እነዚህን ክርክሮች የሚያቀርቡት ክፉ ሰዎች አይደሉም። አብዛኞቹ ሌሊት ተጉዘው፣ ጀርባቸው እስኪንቀጠቀጥ ጎንበስ ብለው የሚሠሩ ናቸው። ግን ድካም ክርክርን ትክክል አያደርገውም።

ከሁሉ የከፋው «ምን ይጎድልበታል» የሚለው ነው፤ ከእሱ ልጀምር።

ፋሻ የሚነሳበትን ጠዋት በቴሌቪዥን ያላየ የለም። አንዲት እናት ፋሻው ይነሳላቸዋል፣ የልጅ ልጃቸውን ፊት ያያሉ፣ እልልታው ይቀልጣል። እውነት ነው፣ ውብ ነው፣ እኔም አይቼ አልጠግበውም። ካሜራው የማይደርስበት ግን የአግዳሚው ጫፍ አለ። እዚያ የተቀመጡትም ፋሻቸው ተነስቷል። ነርሷ ሁለት ጣት አቁማ «እማማ፣ ስንት ነው?» ትላለች። አብሯቸው የመጣው ልጅ በወላይትኛ ደግሞ ይጠይቃል። እማማ ፊታቸውን የሚያዞሩት ወደ ጣቱ ሳይሆን ድምፁ ወደ መጣበት ነው። ነርሷ ጣቷን ታቀርባለች፣ እጇን ታወዛውዛለች፣ ከዚያም «ቀስ እያለ ይመጣል» ብላ ወደሚቀጥለው ሰው ታልፋለች። የኮርኒያ፣ ከዓይን ፊት ያለው የጠራ ሽፋን፣ እብጠት ከሆነ፣ አዎ፣ በጥቂት ቀናት ይመጣል። ነርቩ በግላኮማ ከሞተ ግን በሳምንትም በወርም አይመጣም። ነርሷ የትኛው እንደሆነ አታውቅም፤ ማንም አስቀድሞ ስላላየው።

አሁን ምን እንደጎደለ እንቁጠር። ሕክምናው ነጻ ሊሆን ይችላል፤ መንገዱ፣ ማደሪያው፣ የአስታማሚው ምግብ ነጻ አይደለም። በግ ተሽጧል፣ ወይም ዕቁቡ ያለ ተራ ተጠይቋል። መሪ ሆኖ የመጣው ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርቷል። ይህ ሁሉ ይቆጠር እንጂ የሚበልጠው ሌላ ነው፦ የትኛው ዓይን? በዘመቻ ላይ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ብዙ ጊዜ አንድ ዓይን ነው። ሁለቱም ዓይኖቻቸው ሞራ የያዛቸው አንድ አባት አሉ እንበል። የቀኙ ሞራ የበሰለ፣ ነጭ፣ ከሩቅ የሚታይ ነው፤ ኋላው ግን ሞቷል። የግራው ሞራ ቀለል ያለ፣ ኋላው ጤነኛ ነው። ማንም ኋላውን ካላየ የሚሠራው የትኛው ነው? የቀኙ፣ በሽታው ጎልቶ የሚታየው። አባትየው ምንም ሳያዩ ይመለሳሉ፤ «ተሠርቶልኝ እምቢ አለ» ብለው የግራውን ሊያሠሩ ደግመው አይመጡም። ሊያይ ይችል የነበረው ዓይን እንደታወረ ይቀራል። ይህ ነው «ምንም አይጎድልበትም» የተባለው ሰው።

አሮጌ ባጃጅ የሚገዛ ሰው እንኳ ቀለሙን ብቻ አይቶ ብር አይቆጥርም፤ ሞተሩን አስነስቶ ጆሮውን ይጥላል። ለዓይን ሲሆን ቀለሙ በቃ የምንለው ለምንድን ነው?

«ጊዜ የለም» ወደሚለው ልሻገር። ይህን የሚል ሰው ቀዶ ሕክምናው እንዴት እንደሚሠራ እየዘነጋ ነው። ሞራ ለማንሳት ብሌኑ መስፋት አለበት፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ በሽተኛ የሚያሰፋው ጠብታ እንደሆነ ይደረግለታል። ሃያና ሠላሳ ደቂቃውን አግዳሚ ላይ ተቀምጦ እንደሆነ ይጠብቃል። ጠብታው ተከፍሎበታል፣ ጊዜውም ተከፍሎበታል። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ብሌኑ ሰፍቶ ሳለ ጎንበስ ብሎ የሚያይ ሰው። ሞራው ያልጠናበት ዓይን ላይ ይህ የአንድና የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ለማንሳት የሰፋውን ብሌን ለማየት አለመጠቀም የጊዜ እጥረት ሊባል አይችልም።

ግድግዳውስ? እዚህ ላይ ተቃዋሚዬ ግማሽ እውነት ይዟል። የበሰለ ሞራ በእርግጥ አያሳልፍም። ግን «አይታይም» እና «አይፈተንም» ለየቅል ናቸው። አንድ የእጅ ባትሪ በቂ የሆነበት ምርመራ አለ፤ ያውም ከጠብታው በፊት የሚደረግ። ባትሪውን ወደ አንዱ ዓይን፣ ከዚያ ወደ ሌላው፣ ተመልሶ ወደ መጀመሪያው ማወዛወዝ ነው። ጤነኛ ሬቲናና ነርቭ ያለው ዓይን ብርሃኑ ሲያርፍበት ብሌኑ ይጠባል። ብርሃኑ ሲመጣበት በመጥበብ ፈንታ የሚሰፋ ብሌን ካለ ከኋላ ከባድ ችግር አለ ማለት ነው። ልብ በሉ፦ ሞራ የቱንም ያህል ቢጠና ብቻውን በያዘው ዓይን ላይ ይህን ምልክት አያመጣም። ብርሃኑን ይበታትነዋል እንጂ አያጠፋውም። ስለዚህ ግድግዳው ለሐኪሙ ዓይን ግድግዳ ነው፤ ለባትሪው ግን አይደለም። ሁለቱም ዓይኖች እኩል ከተጎዱ ይህ ልዩነት ሊደበቅ ይችላል፤ ለዚያም ሁለተኛው ፈተና አለ። አንዱን ዓይን ጥሩ አድርጎ ሸፍኖ፣ ብርሃኑን ከላይ፣ ከታች፣ ከግራ፣ ከቀኝ እያመጡ «ከየት ነው የመጣው?» ብሎ መጠየቅ። የሞራ በሽተኛ ጣት መቁጠር ባይችልም ብርሃኑ ከየት እንደመጣ ያውቃል። በአንዱ በኩል ደጋግሞ የሚስት ከሆነ በተቃራኒው በኩል ያለው ሬቲና ተላቅቆ ወይም ሞቶ ሊሆን ይችላል። የዓይን ግፊት መለካት አለ። የዓይን አልትራሳውንድ አለ፤ ነጩን ሞራ አልፎ የተላቀቀ ሬቲናን፣ በውስጥ የፈሰሰ ደምን፣ ዕጢን ያሳያል። በጅራፍ ወይም በእንጨት ስንጣሪ ተመትቶ ሞራ የያዘው ልጅ ያለ አልትራሳውንድ ጠረጴዛ ላይ ሲወጣ ሳስብ ደሜ ይፈላል፤ የመታው ነገር ሌንሱን ካበላሸ ሬቲናውን እንደማረው ማን ነገራቸው?

እነዚህ ፈተናዎች ሁሉን አይናገሩም። ባትሪው የሬቲናውን መሐል፣ ማንበቢያውንና ፊት መለያውን ማኩላ፣ በደንብ አይፈትነውም። አልትራሳውንዱም በዕድሜ የደከመ ማኩላን አያሳይም። ይሁን። ሁሉን አለማወቅ ምንም ላለማወቅ ፈቃድ ነው ያለው ማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1851 ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ የሕያው ሰውን ዓይን ውስጥ የሚያሳየውን መሣሪያ እስኪያስተዋውቅ ድረስ የትኛውም ሐኪም ሬቲናን በሕይወት ካለ ሰው ላይ አጥርቶ አይቶ አያውቅም ነበር። ሞራ ግን ከዚያ ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ በቀዶ ሕክምና እየወጣ ነበር፤ ፈረንሳዊው ዣክ ዳቪየል ይህን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1740ዎቹ ነው። የዳቪየል በሽተኛ ሞራው ወጥቶለት ባያይ ዳቪየል ምክንያት ነበረው፤ የሚያይበት መሣሪያ አልተፈጠረም። የዛሬው ዘመቻ ይህ ምክንያት የለውም። መሣሪያው ዛሬ በኪስ ይያዛል፤ በፀሐይ ኃይል የሚሞላም ተሠርቷል።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። በዘመቻ ላይ የዓይን ፊት በጥንቃቄ ይታያል። ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ይሆን? በትራኮማ በተጎዳ አካባቢ ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። ዓይነ ማዝ አለ? የእንባ ቧንቧው መግል ይዟል? ካለ በሽተኛው ይመለሳል፣ መጀመሪያ ይታከማል። ማንም ለዚህ «ጊዜ የለም» ሲል አልሰማሁም። ለምን? ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ዓይኑ ቢያመረቅዝ ጥፋቱ የሐኪሙ ተብሎ ስለሚቆጠር ነው። የሬቲናው ሲሆንስ? «የእግዜር ሥራ ነው፣ እኛ የድርሻችንን አድርገናል።» ፊቱ የሚመረመረው ተጠያቂነት ስላለበት ነው፤ ኋላው የሚዘለለው የሚጠይቅ ስለሌለ ነው። ይህን ልዩነት ሕክምና አልወሰነውም፤ ሪፖርቱ ነው የወሰነው።

«ቢገኝበትስ ማን ያክመዋል?» የሚለው ጥያቄ ብልህ ይመስላል። ሲመረመር ግን የሕክምናን ግማሽ ሥራ የሚሰርዝ ጥያቄ ነው። በመጀመሪያ፣ ከኋላ የሚገኘው ሁሉ አዲስ አበባ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ድረስ አያስኬድም። ከአንድ አባት ነርቭ ላይ የግላኮማ ጉዳት ቢገኝ የሞተው አይመለስም፤ እውነት ነው። ሌላኛው ዓይናቸው ግን ገና ሊሆን ይችላል፤ እሱን የግላኮማ መድኃኒት ጠብታ ሊያቆየው ይችላል። ግላኮማ በዘር ይሄዳል፤ ወንድማቸው፣ እህታቸው፣ አርባ ዓመት የሞላው ልጃቸው መታየት አለባቸው። አንድ ሰው ሲመረመር ቤተሰቡ ሁሉ ይነቃል። ከሬቲናው ላይ የስኳር በሽታ የሚያመጣው የደም ነጠብጣብ ቢታይስ? ያ ሰው ስኳር እንዳለበት ራሱ ላያውቅ ይችላል። ሶዶ ላይ ቀርቶ አረካ ላይም ስኳር ይለካል፣ መድኃኒት ይጀመራል። ያ ማለት ከዓይኑ አልፎ ኩላሊቱንና እግሩን ማዳን ነው። ደግሞ ስኳር ያጠቃው ሬቲና ሞራ ከተነሳ በኋላ ሊያብጥና ሊብስበት እንደሚችል የታወቀ ነው። ይህን ሳያውቁ ቢላ ማንሳት የሚባባሰውን በሽታ ሳያዩ ማባባስ ነው።

ሁለተኛ፣ ምርመራው ለመከልከል አይደለም። ይህን ደጋግሜ ብል አይደክመኝም፤ ተቃዋሚዎቼ ሁልጊዜ «አትሥሩላቸው እያልክ ነው» ይሉኛልና። ኋላው በከፊል የተጎዳ ዓይን ሞራው ቢነሳለት ባለቤቱ ፊት ባይለይ እንኳ በሩን አግኝቶ ይወጣል፣ ከምድጃው ይርቃል፣ ሽንት ቤት ያለ መሪ ይሄዳል። ይህ ትንሽ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ መሠራቱ ተገቢ ነው። ልዩነቱ የሚገባው ቃል ላይ ነው። «ያያሉ» ተብለው የተሠራላቸው እናት በሩን ብቻ ሲያዩ ተታለልኩ ይላሉ። «በሩን ያያሉ፣ ፊት ግን ላይለዩ ይችላሉ» ተብለው የተሠራላቸው እናት በሩን ሲያዩ ይመርቃሉ። እጁም ሌንሱም ያው ነው፤ ለሁለተኛዋ ግን እውነቱ አስቀድሞ ተነግሯቸዋል።

የጥናቱን ቁጥር የሚያነሱልኝ ሰዎች ግማሹን ብቻ ያነባሉ። በዚያው ጥናት ግላኮማ 5.2 በመቶ፣ የማኩላ ድካም 4.8 በመቶ የዓይነ ስውርነቱን ድርሻ ይዘዋል። ሁለቱ ሲደመሩ ከአሥሩ ዓይነ ስውር አንዱ የታወረው ከኋላ ነው። በዚህ ላይ የእንዲህ ዓይነት ጥናቶች አሠራር አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የሚከተለው ነው። አንድ ሰው ሁለትና ሦስት በሽታ ቢኖርበት እንደ ዋና ምክንያት የሚመዘገበው ለማከም የሚቀለው ነው። ሞራም ግላኮማም ያለበት ሰው «ሞራ» ተብሎ ይጻፋል። ለዕቅድ አውጪ ይህ ይበጃል። ለሐኪሙ ግን «ሞራ» የሚለው ዓምድ ውስጥ ሌላ በሽታ ተሸሽጎ ሊኖር እንደሚችል ማስጠንቀቂያ ነው። ቁጥሩን ይዞ «ግማሹ ሞራ ነው፣ እንሥራ» የሚል ሰው ቁጥሩ ራሱ የሚለውን አልሰማም።

«ገበሬው ይፈራል» የሚለው ደግሞ የአካባቢውን ሰው መናቅ ያለበት ይመስለኛል። የወላይታ ገበሬ ዝናብ ሊመጣም ሊቀርም እንደሚችል እያወቀ ይዘራል። «ከዚህ ዓይንዎ ብዙ አንጠብቅም፣ ከዚያኛው ግን ተስፋ አለን» ቢባል የማይገባው ለምንድን ነው? የሚያስፈራውስ የትኛው ነው? ከመሠራቱ በፊት የተነገረ እውነት ወይስ ከተሠራ በኋላ ለቅሶ ቤት የሚነገር ታሪክ? አንድ ተሠርቶለት ያላየ ሰው በዕድሩ ድንኳን ውስጥ «ዓይኔን ነካክተው አጠፉት» ቢል በዚያ ቀበሌ የሚቀጥለውን ዘመቻ የሚያምን አይኖርም። ዓይኑ ቀድሞውኑ ከኋላ ሞቶ እንደነበር እሱም አያውቅም፣ ሰሚውም አያውቅም። የሚያውቅ ሰው ይኖር የነበረው አንድ ሰው አስቀድሞ አይቶ፣ በካርዱ ላይ ጽፎ፣ ነግሮት ቢሆን ነበር። ያውም በሚገባው ቋንቋ። ወላይትኛ ብቻ የሚናገሩ እናት በአማርኛ የተጻፈ የስምምነት ቅጽ ላይ አውራ ጣታቸውን ሲያሳርፉ የተስማሙት በምን ላይ ነው?

እስካሁን ስለ አባትየው ነው ያወራሁት። አሁን ስለ ልጅየው፣ አዲስ አበባ ሄዶ መነጽሩን ሊጥል ብር ስለሚያጠራቅመው ወጣት። እሱ «እኔ ሞራ የለብኝም፣ ሬቲናዬን ማንም አይነካውም፣ ላሲክ የሚሠራው ከፊት ነው» ይላል። ትክክል ብሏል፤ ሥጋቱም እዚያው ላይ ነው። ሩቅ አጥርቶ የማያይ ዓይን ብዙውን ጊዜ የረዘመ ዓይን ነው። የአዋቂ ሰው ዓይን ከፊት እስከ ኋላ 24 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የመነጽሩ ቁጥር ከማይነስ 6 ያለፈ ሰው ዓይን ብዙ ጊዜ 26ን ያልፋል። ዓይኑ ሲለጠጥ ሬቲናውም አብሮ ይለጠጣል፣ ዳር ዳሩ ይሳሳል፣ አንዳንዱ ላይ ቀዳዳ ይከፈታል። ላሲክ የኮርኒያውን ቅርጽ ያስተካክላል። ዓይኑን በአንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አያሳጥርም። የሳሳውን አያወፍርም፣ የተቀደደውን አይደፍንም። በቢላ የሚሠራው ላሲክ ላይ እንዲያውም ዓይኑን አንቆ የሚይዝ ቀለበት ለጥቂት ጊዜ የውስጥ ግፊቱን ወደ ላይ ይሰቅለዋል።

ዋናው ጉዳት ግን የሚመጣው ከቀለበቱ አይደለም፣ መነጽሩ ከተጣለ በኋላ ከሚመጣው መዘናጋት ነው። መነጽር ያለው ሰው ቢያንስ ዓይኔ ችግር አለበት ብሎ ያምናል፤ በየጊዜው ይታያል። መነጽሩን የጣለው «ድኛለሁ» ብሎ ይሄዳል። ከዓመታት በኋላ በዓይኑ ጥግ ብልጭታ ያያል፤ ጥቁር ነጠብጣቦች እንደ ትንኝ ይዞሩበታል። «ድካም ነው» ይላል። ከዚያ አንድ ቀን ከጎን መጋረጃ መውረድ ይጀምራል። ሬቲናው እየተላቀቀ ነው። ከ100 ዓመት ገደማ በፊት ሎዛን የነበረው ዡል ጎናን የተባለ ሐኪም የተላቀቀ ሬቲና መመለስ የሚችለው ቀዳዳው ተፈልጎ ሲደፈን መሆኑን እስኪያሳይ ድረስ ይህ የዓይን ሞት ነበር። ዛሬ ይታከማል፤ ግን መሐሉ ከመላቀቁ በፊት መድረስ ያስፈልጋል፣ ቀዶ ሕክምናውም ከባድ ነው። ያው ቀዳዳ ከላሲኩ በፊት ጠብታ ተደርጎ ቢታይ ኖሮ ዙሪያውን በሌዘር መበየድ የደቂቃዎች ሥራ ነበር፤ ሰውየው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። የጠብታ ምርመራ ግማሽ ቀን አደብዝዞ ስለሚያውል «አልፈልግም» የሚል ወጣት አውቃለሁ። ለቪዲዮ ማስታወቂያ ሲባል ይህን ምርመራ በዝምታ የሚያልፍ ክሊኒክ ካለ ደግሞ የሚሸጠው ዕይታ አይደለም፤ መነጽር አልባ ፎቶ ነው።

ታዲያ ነገሩን ወደ አረካ ልመልሰውና ለሁለት ወገን እናገራለሁ።

ለቤተሰቡ፦ አባታችሁን ወይም እናታችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ አታፍሩ፣ ጠይቁ። ሐኪም መጠየቅ ነውር የሚመስላችሁ ከሆነ ለአባታችሁ ስትሉ ነውሩን ዋጡት። «ብሌናቸውን በባትሪ ፈተናችሁ? ብርሃኑ ከየት እንደመጣ ለዩ? ግፊታቸው ተለካ? ኋላቸውን ያየው ማን ነው፣ ምንስ አገኘ?» መልሱ በካርዱ ላይ ይጻፍላችሁ። ኋላው ካልታየ ለምን እንዳልታየም ይጻፍ። ከሁለቱ ዓይን አንዱ ከተመረጠ ለምን ያኛው እንደተመረጠ ይነገራችሁ፣ ለእሳቸውም በወላይትኛ ይነገራቸው።

ለአዘጋጁ፣ ለባለሥልጣኑና ለለጋሹ፦ የዓለም ጤና ድርጅት ከእ.ኤ.አ. 1998 ጀምሮ ያስቀመጠው መመዘኛ ለማንም አዲስ አይደለም። ሞራ ከተነሳላቸው ዓይኖች ቢያንስ 80 በመቶው የዕይታ መለኪያ ሰሌዳው ላይ 6/18 (ጤነኛ ዓይን ከ18 ሜትር የሚያነበውን ከ6 ሜትር) ወይም ከዚያ የተሻለ ማየት አለባቸው፤ ከ6/60 በታች የሚቀሩት ከ5 በመቶ ማነስ አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ጤና ጉባኤ ለ2030 ግብ ሲያስቀምጥም የቆጠረው የተሠሩትን ሳይሆን ተሠርተው በደንብ የሚያዩትን ነው። እኛ ዘንድ ግን ባነሩ ላይ የሚወጣው አሁንም አንድ ቁጥር ብቻ ነው፦ ስንት ዓይን ተሠራ። ውጤት የከፋው በምን ምክንያት እንደሆነ የሚለዩት ሦስት ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው፤ በሽተኛው ሲመረጥ ነው? ሲሠራ ነው? ወይስ መነጽር ስላጣ ነው? የመጀመሪያውን ጥያቄ መመለስ የሚችለው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሬቲናውን የመዘገበ ብቻ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ዘመቻ ሶዶም ሆነ አረካ ላይ ባነሩን ከመስቀላችሁ በፊት ከተሠሩት ቁጥር ጎን ሁለት ቁጥር ጨምሩበት፦ ከመሠራታቸው በፊት ኋላቸው የታየው ወይም የተፈተነው ስንት ናቸው፣ ከስድስት ሳምንት በኋላስ 6/18 የሚያዩት ስንት ናቸው? ሁለቱን ቁጥሮች ያልያዘ ሪፖርት ላይ ፊርማ የሚያሳርፍ ኃላፊ በአግዳሚው ጫፍ ለተቀመጡት እማማ ምን እንደሚላቸው አስቀድሞ ያዘጋጅ።